የሰው ወርቅ ያደመቃቸው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነትነት አለው፤ የተዋሱት ጌጥ ተመላሽ ነው፤ ሲመለስም ባዶ አንገት ይዞ መቅረት አለ። ይሁንና ከባሕር ማዶ ይህን ተረት ሐሰት ለማድረግ የተፈጠረ የሚመስል አንድ የሙዚቃ ዓለም አለ። ዘፋኞቹ አብዛኛዎቹ የድኻ ልጆች ናቸው። የለበሱት ልብስ አባታቸው ያልለበሰው፣ እናታቸው ያልፈተለችው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ስደተኞች የጠለፉት ልብስ ነው። ግን ደመቁበት። ከመድመቅም አልፈው ዓለም ሁሉ «እውነተኛው የአሜሪካ ባላገር ይህ ነው» እስኪል ድረስ የራሳቸው አደረጉት። የምናገረው ስለ ካንትሪ ሙዚቃ ነው።

ካንትሪ ለከተማችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጂም ሪቭስን፣ ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊልያምስን ወይም ዶሊ ፓርተንን በካሴት ያልሰማ የእኔ እኩያ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛው በሙሉ ባይገባንም ዜማው ሆድ ያባባል፤ ስለ እናት፣ ስለ ትውልድ ቀዬ፣ ስለ ከዳ ፍቅረኛ እንደሚያወራ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ከካሴቱ ሽፋን ላይ ደግሞ ምስሉ አለ፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሹል ቦት ጫማ፣ ባለ ጥልፍ ሸሚዝ፣ አንዳንዴም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያብለጨልጭ ሙሉ ልብስ። ይህን ያየ ሰው «ለካ የአሜሪካ ገበሬ እንዲህ ነው የሚለብሰው» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ ማንሳት እፈልጋለሁ። ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ማን አለበሳቸው? ጥያቄው የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድኻ ሰው አደባባይ ሲወጣ እንዴት መታየት እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ሐኪሙ ቱታ ሲለብስ

ነገሩ የሚጀምረው ከሬዲዮ ነው። በ1925 በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ፣ ደብልዩ ኤስ ኤም የሚባል የሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። ባለቤቱ ናሽናል ላይፍ የሚባል የመድን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በየሳምንቱ በሳንቲም የሚከፈል መድን ይሸጥ ነበርና፣ የገበሬውንና የፋብሪካ ሠራተኛውን በር የሚያስከፍትለት ነገር ይሻ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 ቀን ጆርጅ ሄይ የተባለ አስተዋዋቂ አንድ የ77 ዓመት ሽማግሌ ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ ቫዮሊን አስመታ። አድማጭ ተደሰተ፤ ሌላም ጨምሩልን አለ። በ1927 «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚል ስም ያገኘውና እስከ ዛሬ የዘለቀው ዝነኛ ፕሮግራም የተወለደው እንዲህ ነው።

በእነዚያ የመጀመሪያ ጊዜያት ወደ ጣቢያው ይመጡ የነበሩት ሙዚቀኞች ምን ለብሰው ነበር? ሙሉ ልብስና ክራባት! ለምን ቢሉ፣ ባላገር ከተማ ሲጠራ፣ ያውም ለክብር ሲጠራ፣ የክት ልብሱን አውጥቶ ይለብሳል እንጂ የእርሻ ልብሱን ለብሶ አይሄድም። ይህ በእኛም ዘንድ ያለ ነው። ከእነዚህ ሙዚቀኞች መካከል ሐምፍሪ ቤይት የተባለው ዋነኛው ሰው ደግሞ ጭራሽ ገበሬ አልነበረም። በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ የወጣ ሐኪም ነበር። በሥራ ቀን በሽተኛ ያያል፤ ቅዳሜ ማታ ሃርሞኒካውን ይዞ ናሽቪል ይገባል።

ሄይ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ብልህ ሰው ነበርና የመድን ኩባንያው ደንበኞች የሚወዱት «የድሮ አገር ቤት» ትዝታ መሆኑ ገብቶታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለሙዚቀኞቹ ስም አወጣላቸው። የሐኪሙ ቡድን ፖሰም በምትባለዋ የዱር እንስሳ ስም «ፖሰም አዳኞች» ተባለ። ሌላው ቡድን ደግሞ በማርማላታ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚጠጣውን የድብቅ አረቄ የሚያስታውስ ስም ተሰጠው። ቀጥሎ ልብሳቸውን አስቀየረ። የሐኪሙ ቡድን መጀመሪያ ላይ የተነሣቸውን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ፀጉራቸውን ያበጠሩ፣ ክራባት ያሰሩ ጨዋ ሰዎች ያያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተነሡት ላይ እነዚያው ሰዎች ባለ ማንገቻ ቱታ ለብሰው፣ የተጨማደደ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ሙዚቃውም ያው ነው። የተለወጠው የሚያያቸው ሰው ማየት የፈለገው ነገር ነው።

ያን ጊዜ ይህ ሙዚቃ «ካንትሪ» አይባልም ነበር። «ሂልቢሊ» ነበር የሚባለው። ቃሉ የተራራ አገር ሰው እንደማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ቋንቋ «ፋራ» ብንለው ብዙ አንርቅም። ልብ በሉ፤ ፋራ መሆን አንድ ነገር ነው፤ የክት ልብስህን ለብሰህ መጥተህ «አውልቀውና ፋራ ምሰል» መባል ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚያው ኦፕሪ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው ነበር፤ ዲፎርድ ቤይሊ ይባላል። ሃርሞኒካው የባቡር ድምፅ ያወጣል እየተባለ የተወደደ የፕሮግራሙ ኮከብ ነበር። «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በተነገረበት ምሽት የተጫወተው እሱ ነው። የቤይሊን ፎቶግራፎች ስትመለከቱ ጥንቅቅ ብሎ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራባት ያሰረ አጭር ሰው ታያላችሁ። በ1941 ከኦፕሪ ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው እዚያው ናሽቪል ውስጥ ጫማ በማስጠረግ ሥራ ነው። ወደ ካንትሪ የዝና አዳራሽ የገባው በ2005 ነው፤ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ።

ከማሳቂያነት ወደ ጀግንነት

በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካን ሲያናውጥ ሆሊውድ አዲስ ጀግና ፈጠረ፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን ካውቦይ። የመጀመሪያው ታላቅ ኮከብ ከቴክሳስ የመጣው ጂን ኦትሪ ነበር። በ1935 ፊልሞቹ መውጣት ከጀመሩ በኋላ የአገሩ ልጅ ሁሉ ነጭ ባርኔጣ ያማረው ጀመር። ከእርሱ ቀጥሎ የነገሠው ሮይ ሮጀርስ ደግሞ ትክክለኛ ስሙ ሊዮናርድ ስላይ ነው፤ የተወለደው በኦሃዮ ሲንሲናቲ ከተማ ሲሆን በወጣትነቱ ጫማ ፋብሪካ ሠርቷል። በ1935 የካውቦይ ፍቅረኛ ስለመሆን ዘፍና ስሟ የገነነው ፓትሲ ሞንታናም ከሞንታና አይደለችም። ሩቢ ብሌቪንስ የምትባል የአርካንሶ ልጅ ናት። ሐንክ ዊልያምስ ያደገው በአላባማ ነው፤ አላባማ የጥጥ አገር ነው እንጂ የካውቦይ አገር አይደለም። ሆኖም የባንዱ ስም «ተንከራታች ካውቦዮች» ነበር።

ይህን ሁሉ ሰው ምን ነካው? መልሱ ከባድ አይመስለኝም። ሂልቢሊ ማሳቂያ ነው፤ ካውቦይ ግን ጀግና ነው። ሂልቢሊ ባዶ እግሩን ጭቃ ውስጥ ይቆማል፤ ካውቦይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች ያያል። ምርጫ ከተሰጠህ የቱን ትለብሳለህ?

እርግጥ ነው ይህም ምስል ብድር ነበር። ከብት በፈረስ የመጠበቅን ሙያ፣ ገመዱን፣ ኮርቻውን፣ «ሮዲዮ» የሚለውን ቃል ሳይቀር አሜሪካኖቹ የወሰዱት ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ነው። ከእውነተኞቹ ካውቦዮች መካከል ጥቁሮችና ሜክሲኮዎች ብዙ ነበሩ። በሲኒማው ላይ ግን እምብዛም አልታዩም። እውነተኛው ካውቦይ አቧራ የጠጣ የሥራ ልብስ ለብሶ ነው የሚውለው፤ ጥልፍና ዘርፍ የመጣው ከሮዲዮ ትርኢትና ከሲኒማ ነው።

ከኪየቭ የመጣው መርፌ

ታዲያ ይህን «የአሜሪካ ምዕራብ ልብስ» የሰፉት እነማን ናቸው? ይህን ሳስብ እገረማለሁ። በዘመኑ ሦስት ስመ ጥር ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ ናታን ተርክ፣ «ሮዲዮ ቤን» የተባለው በርናርድ ሊክተንስታይንና ኑዲ ኮን። ሦስቱም ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ ይሁዲዎች ናቸው። ተርክ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሱቅ ነበረው። ሮዲዮ ቤን ደግሞ ከካውቦይ አገር በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ፊላዴልፊያ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር፤ በ1947 የወጣውን ዝነኛውን የራንግለር የካውቦይ ጂንስ የነደፈው እሱ ነው።

ከሁሉም የገነነው ኑዲ ነው። በ1902 ኪየቭ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ኑታ ኮትልያሬንኮ ነበር። በአይሁዶች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ፈርተው ወላጆቹ በ11 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ወደ አሜሪካ ሰደዱት። በ1930ዎቹ በኒው ዮርክ ሱቅ ከፍቶ የሚሰፋው ለመድረክ ዳንሰኞች የውስጥ ልብስ ነበር። በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። እዚያ ቴክስ ዊልያምስ የተባለውን ዘፋኝ «ለባንድህ ልብስ ልስፋልህ፤ ግን መኪና የለኝም» አለው። ዘፋኙም ፈረስ ተሽጦ በተገኘ ገንዘብ የልብስ ስፌት መኪና ገዛለት። ካውቦይ ለልብሱ ሲል ፈረሱን ሸጠ ማለት ነው! ከዚህ የተሻለ የዚህን ታሪክ ባሕርይ የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

ኑዲ በ1947 ሱቁን ከፈተ። በሸሚዝና በሱሪ ላይ ጽጌረዳ፣ ቁልቋል፣ የጋሪ መንኰራኩር ጠለፈ፤ ከዳንሰኞቹ ልብስ ያመጣውን «ራይንስቶን» የሚባለውን የመስታወት ፈርጥ ደግሞ በየመስመሩ ተከለበት። ለሐንክ ዊልያምስ የሙዚቃ ኖታ የተጠለፈበት ነጭ ሙሉ ልብስ ሰፋለት። በ1957 ለኤልቪስ ፕሪስሊ የሰፋው የወርቅ ቀለም ልብስ ዋጋው 10,000 ዶላር ነው ተብሎ ተወራ። ለፖርተር ዋጎነር ግን የመጀመሪያውን ልብስ በነፃ ሰጠው። ዋጎነር የሚዙሪ ገበሬ ልጅ፣ ሥጋ ቤት ይሠራ የነበረ ቀጭን ሰው ነው፤ «ዋጎን» የሚለው የስሙ ክፍል ጋሪ ማለት ስለሆነ ልብሱ ሁሉ የጋሪ መንኰራኩር ሆነ። የኑዲ ስሌት ትክክል ነበር። ዋጎነር ያን ልብስ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ለ20 ዓመታት ያህል አሳየለት።

የኑዲ ዋና ቆራጭ የነበረው ማኑኤል ኩዌቫስ ደግሞ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። በኋላ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ናሽቪል ገብቷል። እንግዲህ ከሜክሲኮ የተወሰደውን የካውቦይ ልብስ መልሶ የሜክሲኮ ልጅ ሰፋው ማለት ነው። ብድር ዞሮ ዞሮ ቤቱ ይገባል።

ፍሬ ለቃሚዎቹ

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ አንባቢ «ታዲያ ይህ ሁሉ ማታለል አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ብዙ የሙዚቃ ጸሐፊዎችም እንዲህ ይላሉ፤ ቱታውን «እውነት»፣ ብልጭልጩን «ውሸት» ያደርጉታል። እኔ ግን ይህን ክርክር የሚያፈርስ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ የማዶክስ ቤተሰብን።

ማዶክሶች በአላባማ፣ ቦአዝ በምትባል መንደር አጠገብ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። በ1933 አባት፣ እናትና አምስት ልጆች ያላቸውን ሸጠው በጭነት ባቡር እየተሳፈሩ፣ ሲያወርዷቸው እየወረዱ፣ ካሊፎርኒያ ደረሱ። ኦክላንድ ውስጥ ቤት አጥተው ሥራ ላይ ባልዋሉ ግዙፍ የፍሳሽ ቱቦዎች ውስጥ ከመሰሎቻቸው ጋር አደሩ። ከዚያ በኋላ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ፍሬና ጥጥ ለቀሙ። በ1937 ለቀማው የሰለቸው ፍሬድ የተባለው ልጅ አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ አሳምኖ የሬዲዮ ፕሮግራም እንዲደጉምላቸው አደረገ። ነጋዴው ሴት ዘፋኝ ካለች እሺ አለ። እህታቸው ሮዝ ገባች፤ 11 ዓመቷ ነበር።

«የማዶክስ ወንድማማቾችና ሮዝ» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብ ሲያገኙ የሄዱት ናታን ተርክ ዘንድ ነው። ያሰፉት ልብስ አበባው ከደረት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ የጃኬቱ ጠርዝ ሁሉ በጥልፍ የታጠረ፣ እስከዚያን ጊዜ ያልታየ ነበር። በማስታወቂያዎቻቸው ላይ «በአሜሪካ በቀለም የሚያህለን የሂልቢሊ ባንድ የለም» እያሉ ይፎክሩ ነበር። በካዲላክ መኪኖች ተሰልፈው ከከተማ ከተማ ይጓዙ ነበር። ወደ ዳንስ ቤቱ እነሱን ለማየት የሚመጣው ማን ነበር? እንደ እነሱ ከደቡብ የተሰደደው ፍሬ ለቃሚ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሰው «ኦኪ» እያለ የሚያንቋሽሸው ድኻ።

አሁን አስቡት። ቀኑን ሙሉ ቱታ ለብሶ ጥጥ ሲለቅም የዋለ ሰው፣ ማታ ገንዘቡን ከፍሎ መድረክ ላይ ቱታ ሊያይ ይመጣል? ቱታውንማ ቤቱ ትቶት መጥቷል። ማየት የሚፈልገው ከእሱው ቱቦ፣ ከእሱው ጥጥ መሐል የወጣች ልጅ እንደ ንግሥት ለብሳ ስትቆም ነው። ጥልፉ እሷን ከእሱ አላራቃትም፤ ይልቅስ «ከእኛ መካከል ይህም ይወጣል» አሰኘው። ድህነትን ማየት የሚያምረው ድኻ ያልሆነ ሰው ነው። ድኻው ራሱ መቁረጫውን ሲይዝ የሚቆርጠው ሐር ነው።

የተማረችው ባላገርና የእናት ስፌት

ይህ ሲባል ግን የባላገር ልብስ ሁሉ ንቀት ነው ማለት አይደለም። በ1940 ኦፕሪ መድረክ ላይ ሚኒ ፐርል የምትባል ቀልደኛ ብቅ አለች። ርካሽ ቀሚስና የገለባ ባርኔጣ ለብሳለች፤ ከባርኔጣው ላይ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሚል የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ በእውነተኛ ስሟ ሣራ ኮሊ ትባላለች፤ ከደኅና ቤተሰብ የተወለደች፣ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ድራማ ያጠናች ናት። የፈጠረቻት ገጸ ባሕርይ ግን ሞኝ አይደለችም። አዲስ ባርኔጣ መግዛቷ በጣም ስላኮራት ነው ዋጋው እንዲታይላት የምትፈልገው። ሰው የሳቀው በእሷ ላይ አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ነው። ያን ወረቀት አንጠልጥላ ከ50 ዓመት በላይ ቆየች።

የፓትሲ ክላይን ነገር ግን ያሳዝናል። እናቷ ሒልዳ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጅቱ እየነደፈች እናቲቱ ባለ ዘርፍ የካውቦይ ልብስ ትሰፋላት ነበር። በጃንዋሪ 1957 ፓትሲ ኒው ዮርክ ላይ በመላ አገሪቱ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ውድድር ቀረበች። የፕሮግራሙ ሰዎች የእናቷን ስፌት አይተው «ይህ አይሆንም፤ የምሽት ቀሚስ ልበሺ» አሏት። ለበሰች፤ ዘፈነች፤ አሸነፈች። ከዚያም ወዲህ ናሽቪል ራሱ አቅጣጫውን ቀየረ። የሮክ ኤንድ ሮል ማዕበል ያስፈራቸው አምራቾች ቫዮሊኑን በኦርኬስትራ፣ ዘርፉን በጥቁር የእራት ልብስ ተኩ። «የቴነሲው አራሽ» ይባል የነበረው ኤዲ አርኖልድም፣ እኛ በለስላሳ ድምፁ የምናውቀው ጂም ሪቭስም ከከተማ ባንክ ሥራ አስኪያጅ የማይለይ ልብስ ለበሱ። ሄይ ሙዚቀኞቹን ፋራ አስመስሎ ሸጣቸው፤ ከ30 ዓመት በኋላ የመጡት ደግሞ ፋራነታቸውን ደብቀው ሸጧቸው። በሁለቱም ጊዜ መቀሱን የያዘው ሌላ ነው።

ፎቶግራፍ የሌለው ዘፋኝ

ልብስ ሊቀየር ይችላል፤ ቆዳስ? ቻርሊ ፕራይድ የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ ልጅ፣ በኋላም ቤዝቦል ተጫዋች የነበረ ጥቁር ዘፋኝ ነው። በ1966 ታላቁ አርሲኤ ኩባንያ የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያወጣ ለሬዲዮ ጣቢያዎች የላከው ያለ ፎቶግራፍ ነበር። ሌላው ዘፋኝ ምስሉ እንዲታይለት ሺህ ዶላር ለልብስ ሲያወጣ፣ የፕራይድ ምስል የተሸጠው ባለመታየቱ ነው። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ በ10,000 የሚገመት ሕዝብ ፊት ስሙ ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሰውየው ብቅ ሲል ግን ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። ፕራይድ ቆዳውን ፀሐይ እንዳጠቆረው አድርጎ፣ ይህ ጥቁረቴ የማይለቅ ነው ብሎ ቀለደና መዝፈን ጀመረ። ሕዝቡ ከልቡ አጨበጨበለት። በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አርቲስት ብሎ ሸለመው። ቀልዱ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ሌላው ዘፋኝ ከመዝፈኑ በፊት ለቆዳው ይቅርታ የሚመስል ነገር እንዲናገር አልተጠየቀም።

በዚያው 1971 ጆኒ ካሽ ለምን ጥቁር እንደሚለብስ የሚናገር ዘፈን አወጣ። ካሽ በአርካንሶ በጥጥ እርሻ ያደገ ሰው ነው። ጥቁር መልበስ የጀመሩት እሱና ሁለት ጓደኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲጫወቱ ሦስቱም አንድ ዓይነት የነበራቸው ሸሚዝ ጥቁር ብቻ ስለነበር መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በቸገረ ጊዜ የተለበሰ ልብስ ነው። በኋላ ግን ትርጉም ሰጠው፤ ለድኻው፣ ለእስረኛው፣ ለተረሳው ብዬ ነው አለ። እነ ዊሊ ኔልሰንና ዌይለን ጄኒንግስም በዚያው ዘመን ፀጉራቸውን አሳድገው፣ ጂንስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው «ሽፍቶቹ» ተባሉ። በ1976 የወጣው የጋራ አልበማቸው በካንትሪ ታሪክ የፕላቲኒየም ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ነው። ሽፍትነትም እንግዲህ ይሸጣል። ቢሆንም እነዚህ ሰዎች መቀሱን ራሳቸው ይዘው ነበር።

ደረሰኙ

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጠቅልሎ የያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ ለመጨረሻ ያቆየሁት ለዚህ ነው።

ዶሊ ፓርተን በ1946 በቴነሲ ተራሮች ከ12 ልጆች አራተኛ ሆና ተወለደች። አባቷ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። አንድ ክረምት እናቷ ካፖርት የሚገዙበት ገንዘብ ቢያጡ ከጨርቅ ቁራጭ ቀጣጥለው ሰፉላት፤ ሲሰፉም በመጽሐፍ ቅዱስ ያለውን የዮሴፍን ብዙ ኅብር ያላትን ቀሚስ ታሪክ ያጫውቷት ነበር። ልጅቱ እንደ ዮሴፍ ተመርጣ የተወደደች መስሏት ትምህርት ቤት ለብሳው ሄደች። ልጆቹ ሳቁባት።

በ1967 ዶሊ ከዚያው ባለ ብልጭልጭ ፖርተር ዋጎነር ጋር መሥራት ጀመረች። በ1969 በአውቶቡስ ሲጓዙ የዚያ ካፖርት ዘፈን መጣላት። ወረቀት አጣች። በእጇ ያገኘችው የዋጎነር ልብስ ላውንደሪ ታጥቦ የመጣበትን ደረሰኝ ነበር። በጀርባው ላይ ጻፈችው። ዘፈኑ በ1971 ወጣ፤ ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጣ እንደምትወደው ደጋግማ ተናግራለች። ዋጎነርም ደረሰኙን በፍሬም አስገባው።

ያን ወረቀት በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው በፊቱ የፈርጥ ልብስ ዋጋ፣ በጀርባው የቡትቶ ካፖርት ታሪክ ይታየኛል። የቱ ነው እውነተኛው ካንትሪ? ሁለቱም አንድ ወረቀት ናቸው፤ አንዱን ቀዶ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ዶሊ ራሷ የዊጓን፣ የቀለሟንና የተጣበቀ ቀሚሷን ምንጭ ስትጠየቅ፣ ልጅ ሳለች የሰፈሩ ሰው በክፉ ዓይን የሚያያትን አንዲት የተኳኳለች ሴት አይታ «እንዴት ታምራለች!» ማለቷን ትናገራለች። የከተማ ሰው «የውበት ጣዕም የላትም» ይላታል። እሷ ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ያላየ የተራራ ልጅ ውበት ምን እንደሚመስል በደንብ ታውቃለች፤ ያን ነው የለበሰችው። እንግዲህ ብልጭልጩም ከዚያው ከድኻው ቤት ነው የወጣው።

ከእሷ ወዲህም ልብሱ መሟገቻ መሆኑ አልቀረም። በ1989 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣውና ባለ ባርኔጣዎቹን ዘፋኞች የመራው ጋርዝ ብሩክስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠናው ማስታወቂያ ነው። በ2019 ሊል ናስ ኤክስ የተባለው ጥቁር ወጣት ዘፈኑ ከቢልቦርድ የካንትሪ ዝርዝር ሲሰረዝበት፣ በሚቀጥለው ዓመት የግራሚ ሽልማት ላይ የመጣው ደማቅ ሮዝ የካውቦይ ልብስ ለብሶ ነው። ቢዮንሴ በ2024 ባርኔጣዋን ደፍታ ያወጣችው አልበም በቢልቦርድ የካንትሪ አልበሞች ዝርዝር አንደኛ ሲወጣ፣ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ2025ም የግራሚን የካንትሪ አልበም ሽልማት ወሰደች። «ይህ ልብስ የእናንተ አይደለም» ያሏቸው ነበሩ። የካውቦይን ልብስ የለበሰው የጫማ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ የሰፋውም የኪየቩ ልጅ መሆኑን ያወቀ አንባቢ ግን ይህ ክርክር ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይረዳዋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ተረታችን፣ ወርቁን ያዋሰህ ሰው «አሁን አውልቅ» ሊልህ በሚችልበት ጊዜ ሁሉ እውነት ነው። ሐኪም ቤይትን ክራባቱን ያስወለቁት፣ ፓትሲን የእናቷን ስፌት ያስጣሏት እንዲህ ዓይነት ባለ ወርቆች ናቸው። ሮዝ ማዶክስ ግን ጥልፉን የከፈለችው በለቀማ በሻከረ እጇ ነው፤ ስለዚህ ማንም አውልቂ ሊላት አልቻለም።